በወረቀት ላይ የሚሠራው ፓምፕ

የምክር ቤት ጉባኤ ማለት እንዲህ ነው፤ መቶ ሰው አንድ አዳራሽ ውስጥ ይቀመጣል፣ አንዱ ያነባል፣ ዘጠና ዘጠኙ ከእንቅልፍ ጋር ይታገላል። የካቲት ላይ ደብረ ታቦር በተደረገው የወረዳ ጉባኤ ግን ቢያንስ አንዲት ሴት አልተኛችም። ፈንታነሽ ትባላለች። ከገሳይ ወዲያ፣ ደጋው ላይ፣ ጓሳ ሜዳ ከምትባል ቀበሌ የተመረጠች ገበሬ ናት። ገብስና ድንች ታበቅላለች፣ እስከ አራተኛ ክፍል ተምራለች፣ ምክር ቤት ሦስት ዓመት ተቀምጣ አንድም ቀን እጇን ለጥያቄ አውጥታ አታውቅም። ለማጽደቅማ ሁልጊዜ ታወጣለች። ለማጽደቅ እጅ ማውጣት ዝንብ ከማባረር አይከብድም።

የዛሬው ግን ሌላ ነው። መድረኩ ላይ የውሃ ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ አቶ ይሻው የግማሽ ዓመት ሪፖርቱን ያነባል። ዕድሜው ከሠላሳ አምስት አይዘልም፣ ክራቫቱ አንገቱን ያነቀው ይመስላል፣ ፊት ለፊቱ የታሸገ ውሃ ቆሟል። አንድ ገጽ ባለቀ ቁጥር ጎንጨት ይላል።

«በወረዳችን ካሉት መቶ አርባ የእጅ ፓምፖች መቶ ሃያ አንዱ በአገልግሎት ላይ ይገኛሉ» አለ። «የተበላሹት አሥራ ዘጠኝ ብቻ ሲሆኑ፣ ለአሥራ ዘጠኙም የመለዋወጫ ዕቃ ተዘጋጅቷል።»

ፈንታነሽ ለአባላቱ የታደለውን ወረቀት በጣቷ እየተከተለች ወረደች። አገኘችው። «ጓሳ ሜዳ፤ የእጅ ፓምፕ፤ አንድ፤ በአገልግሎት ላይ።» ሁለቴ አነበበችው። በአገልግሎት ላይ! የጓሳ ሜዳ ፓምፕ ከነሐሴ ጀምሮ እጀታውን ሲነቀንቁት እንደታመመ አህያ ያናፋል እንጂ ጠብታ አይወጣውም። ሰዉ የሚቀዳው ከወንዝ ነው፤ ቁልቁለቱ አንድ ሰዓት፣ ዳገቱ ጄሪካን አዝሎ ሁለት ሰዓት። የፈንታነሽ ልጅ እመቤት ስድስተኛ ክፍል ናት፣ ግን ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ አንድ ቀን ተምራ አንድ ቀን ወንዝ ትወርዳለች። መምህሯም «እንዲህ ከቀጠለች ከመዝገብ ትሰረዛለች» ብለው ልከዋል።

ነገሩ ቀላል ነው። ሪፖርቱ ዛሬ እንዳለ ከጸደቀ የሚጠገኑት አሥራ ዘጠኙ ብቻ ናቸው። ጓሳ ሜዳ ሌላ መዝገብ እስኪከፈት አንድ ዓመት ትጠብቃለች። አንድ ዓመት ማለት ደግሞ ለእመቤት ትምህርቱ እዚህ ላይ በቃ ማለት ነው።

እጇን አወጣች። አጠገቧ የተቀመጡት ሐጂ ሙሄ፣ ከአንዲት የገበያ መንደር የተመረጡ ጨርቅ ነጋዴ፣ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምነው እቴ፣ ማጽደቁ ደረሰ እንዴ?»

«አልደረሰም ሐጂ። ልጠይቅ ነው።»

«ኧረ ወግ ነው!» አሉና ሁለተኛውንም ዓይናቸውን ገልጠው ተስተካክለው ተቀመጡ።

የጉባኤ አጠያየቅ የራሱ ሥርዓት አለው። አፈ ጉባኤው አቶ ደሳለኝ ጥያቄውን አሥር አሥር እያደረገ ያጠራቅማል። ጠያቂው ጠይቆ ይቀመጣል፣ አሥሩ ሲሞላ ኃላፊው ይነሳና «የተነሱት ጥያቄዎች ተመሳሳይነት ስላላቸው በጥቅሉ እመልሳለሁ» ይላል። በጥቅሉ መመለስ ማለት አሥሩን ጥያቄ አንድ ድስት ውስጥ ከትቶ እስኪሟሟ ማማሰል ነው፤ ሲወጣ የማን ድንች የቱ እንደሆነ አይለይም።

ፈንታነሽ ስድስተኛ ደረሳት። ወረቀቱን እንደያዘች ተነሳች።

«የኔ ጥያቄ አጭር ናት። የጓሳ ሜዳ ፓምፕ ይሠራል ተብሎ ተጽፏል። አይሠራም። ይሠራል ያለው ማን ነው?»

ተቀመጠች። ሰባተኛው ስለ ምንጭ አጥር ጠየቀ። ስምንተኛው «ጥያቄ የለኝም፣ አስተያየት ብቻ ነው» ብሎ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ዘጠነኛውና አሥረኛው ስምንተኛውን አመሰገኑ።

ይሻው በጥቅሉ መለሰ። ስለ አየር ንብረት ተናገረ፣ ስለ ኅብረተሰብ ተሳትፎ ተናገረ፣ «ክፍተቶችን እየሞላን እንሄዳለን» አለ። ጓሳ ሜዳ የሚል ስም ካፉ አልወጣም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ፈንታነሽ እንደገና ተነሳች፣ እጇን እንኳ ሳታወጣ።

«የኔ አልተመለሰም።»

«ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ በጥቅሉ ተመልሷል» አለ ደሳለኝ።

«ጥቅሉ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።»

አዳራሹ ሳቀ። የተኙት ነቅተው ምን እንዳሳቀ የነቁትን ጠየቁ። ይሻውም ፈገግ አለ፤ ግን ፈገግታው የተሸነፈ ሰው ፈገግታ አልነበረም። ወደ ኋላ ዞሮ ጥግ ላይ ለተቀመጠ ወጣት ምልክት ሰጠው። ወጣቱ ሲሳይ ይባላል፤ በየቀበሌው ዞሮ ፓምፖቹን የመዘገበው የጽሕፈት ቤቱ ባለሙያ ነው። ሲሳይ ከያዘው ክምር አንድ ቅጽ መዘዘና ለአለቃው አቀበለ፣ ሲያቀብል ግን ደስ ያለው አይመስልም ነበር።

«ማን ነው ያለው አይደል ያሉት?» አለ ይሻው ወረቀቱን ከፍ አድርጎ። «እንግዲያው ላንብብ። ጥቅምት አሥራ ሁለት። ቀበሌ፣ ጓሳ ሜዳ። ፓምፑ አገልግሎት ይሰጣል ወይ? መልስ፣ ይመስገነው ደህና ነው። መልስ ሰጪ...» እዚህ ላይ ቆም ብሎ ውሃውን ተጎነጨ፤ ሰው ማስጠበቅ ይችልበታል። «መልስ ሰጪ፣ ወይዘሮ ፈንታነሽ፣ የምክር ቤት አባል። ፊርማም አለበት።»

የአሁኑ ሳቅ ከቅድሙ ይበልጥ ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይኸው ነው። ፈንታነሽ ፊርማውን ከሩቅ አወቀችው፤ ጭራውን ሁልጊዜ ታስረዝመዋለች።

ቀኑም ትዝ አላት። ሲሳይ የመጣው በቀትር ነው፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ጫማው አቧራ ጠጥቶ። እንግዳ ነው፣ አስገባችው። እግሩን አጠበችው፣ የተቀቀለ ድንች በዳጣ አቀረበችለት፣ ጠላ ቀዳችለት። ጠላው ጥሙን አልቆርጥ ቢለው ውሃም ሰጠችው። ወረቀቱን ያወጣው ድንቹ አፉ ውስጥ እያለ ነው። «ውሃው እንዴት ነው እትዬ?» አላት። እንግዲህ ጓሳ ሜዳ ላይ እህል አፉ ውስጥ ላለ እንግዳ ችግር አይነገርም። ከተነገረው የበላው ያንቀዋል፣ የጠጣው ይከብደዋል፣ «ለካ ሸክም ሆኜባቸዋለሁ» ብሎ ሳይጠግብ ይነሳል። ከዚህ የባሰ ነውር የለም። ስለዚህ ጣሪያው ቢነድ እንኳ ደህና ነው ይባላል። እሷም «ይመስገነው፣ ደህና ነው፣ ብላ እንጂ» አለችው። እሱም ጻፈ፤ «ብላ እንጂ» የሚለውን ብቻ ተወው። አስፈረማትና ሄደ። ፓምፑ ከቤቷ ጓሮ መቶ እርምጃ ቢርቅ ነው። አላየውም። ውሃ ጠጥቶ የረካ ሰው ፓምፕ ምን ያደርግለታል?

ይህን አሁን እንዴት ብላ ታስረዳ? ለማስረዳት ያበላችውንና ያጠጣችውን መቁጠር አለባት፣ ያውም በአደባባይ፣ ያውም እንግዳው ተቀምጦ እየሰማ። በሷ አገር የሰረቀ ሰው ታርቆ ይገባል፣ ያበላውን የቆጠረ ሰው ግን ደጁን የሚረግጥለት አያገኝም። ሲሳይን አየችው። አቀርቅሮ የእስክሪብቶውን ክዳን ይነቅላል፣ ይከድናል።

«ሌላ ከሌለዎት እንለፍ?» አለ ደሳለኝ።

የለኝም ብትል ያልፋል። ሪፖርቱ ይጸድቃል፣ እሷም እንግዳ አክባሪ እንደተባለች አገሯ ትገባለች፣ እመቤትም ወንዝ ትወርዳለች።

«አለኝ» አለች።

«ይቀጥሉ።»

«ያልኩት እኔ ነኝ። የዋሸሁትም እኔው ነኝ።»

ዋሽቻለሁ የሚል ቃል እዚያ አዳራሽ ተሰምቶ አያውቅም፤ ብዙ ጊዜ የሚባለው «መረጃው ተዛብቷል» ነው።

«ያ ልጅ እንግዳዬ ነበር። እግሩን ያጠብኩበት ውሃ የወንዝ ነው። ድንቹን የቀቀልኩበትም የወንዝ። የጠጣውም የወንዝ፣ አፍልቼ አቀዝቅዤ። ልጄ ሌሊት ተነስታ ያመጣችው አንድ ጄሪካን እሱ ላይ አለቀ። ከሰዓት ደግማ ወረደች፣ ትምህርቷ ቀረ።»

«ወይ ጉድ! እንግዳው ፊት?» አለ አንድ ሰው ከወደ መስኮቱ።

ፈንታነሽ ነቀፋውን ሰማች፣ ግን አልተቀመጠችም።

«እኔ በቤቴ ደንብ ደህና ነው አልኩ። ጥፋቱን ወስጃለሁ። እናንተ ግን የሄዳችሁት በመንግሥት ደንብ ነው። ፓምፑ አፍ የለውም፣ እጀታ ግን አለው። እጀታውን ነቅነቅ ያደረገ ሰው አለ ወይ?»

ይሻው ወደ ሲሳይ ዞረ። ሲሳይ ሳይጠሩት ተነሳ።

«አልነቀነቅኩም» አለ።

«የሷን ብቻ ነው ወይስ የሁላችንንም?» አሉ ሐጂ ሙሄ።

ሲሳይ አለቃውን አየ፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። «ቀኑ አጭር፣ ቀበሌው ብዙ ነበር። ቤት ለቤት እየጠየቅን ነው የሞላነው።»

ነገሩ የተበላሸው ያን ጊዜ ነው፤ ለይሻው ማለቴ ነው። ሐጂ ሙሄ ጋቢያቸውን ሰብስበው ተነሱ።

«እንግዲያው እኔም ብያለሁ። የኛ ሰፈር ፓምፕ ከደረቀ ሁለት ዓመቱ። ይሄ ልጅ ሱቄ ድረስ መጣ፣ ሻይ አዘዝኩለት፣ ብርጭቆውን እንደያዘ ጠየቀኝ። አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው አልኩት። ሻዩን ከእጁ ልንጠቀው ኖሯል?»

«እኔስ ዶሮ ነው ያረድኩለት!» አሉ ከኋላ አንድ ሽማግሌ። «ዶሮ አርጄ ውሃ የለኝም ልበል?»

ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ማን ያቁመው። አንዱ ሲነሳ ሌላው ይነሳል፣ አንዱ እርጎ ይላል፣ ሌላው ቆሎ ይላል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያሉ ሲደብቁ የከረሙት ሁሉ ገለጡ። ይሻው በእስክሪብቶ ሲሰርዝ ሲሰርዝ፣ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ መቶ ሃያ አንዱ መቶ ሰባት ሆነ። ሲሳይ አሁንም እንደቆመ ነው፤ በአንድ ጥቅምት ምን ያህል እንደበላ አገር ሁሉ ሰማለት።

«በቃ፣ በቃ!» አለ ደሳለኝ ጠረጴዛውን እየመታ። «የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ማጠቃለያ ይስጡ።»

ይሻው ላቡን ጠረገ። «ለተጨመሩት አሥራ አራት ፓምፖች ዕቃ እንዲላክልን ዞኑን እንጠይቃለን። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ምላሽ ይሰጣል።»

ሁሉም ተቀመጠ። ፈንታነሽ ብቻ ቆማ ቀረች።

«ሩብ ዓመት ስንት ማክሰኞ ነው?» አለች።

«ምን አሉ?»

«የኛ ገበያ ማክሰኞ ነው፣ የምንቆጥረው በሱ ነው። ቀኑን ይንገሩኝ።»

«ይቀመጡ ወይዘሮ ፈንታነሽ» አለ ደሳለኝ።

«እቀመጣለሁ። ቀኑን ይንገሩኝና።»

ሰዓቱ ሰባት ሊሆን ነው። የምሳው ወጥ ሽታ በበሩ ሥር ይገባል። የምክር ቤት አባል ብዙ ነገር ይታገሣል፣ ይህን ግን አይችልም። «ቀኑን ስጧትና እንብላ!» አለ አንዱ። «እውነቷን ነው!» አለ ሌላው፤ እውነቷ ይሁን ረሃቡ አልተለየም።

ሲሳይ ጉሮሮውን ጠረገ። «እትዬ፣ እጀታው ጠጥሯል ወይስ ላላ ብሎ ያናፋል?»

«ያናፋል።»

«እንግዲያ የውስጥ ጎማው ተበልቶ ነው። ጎማ ትርፍ አለን» አለ ወደ አለቃው ዞሮ። «ዞን አያስፈልገውም።»

ይሻው ሲሳይን የተመለከተበት ዓይን ሌላ ቀን ዋጋ የሚያስከፍል ዓይን ነበር። ግን መቶ ሰው እያየው ነው።

«መጋቢት አሥራ አምስት» አለ።

«ይጻፍ» አለች ፈንታነሽ።

ቃለ ጉባኤ ያዡ ጻፈ። ተቀመጠች። ሪፖርቱም ከነስርዙ ለውሳኔ ቀረበ፣ እሷም እንደ ሁልጊዜው እጇን አውጥታ አጸደቀች።

ወሬው ከሷ ቀድሞ ጓሳ ሜዳ ደረሰ። «እግሩን ያጠበችበትን ውሃ ቆጠረችበት አሉ» ተባለ። ጎረቤቷ ዘነበች ባገኘቻት ቁጥር «እኔስ አንቺ ቤት ቡና እንኳ አልጠጣም፣ ምክር ቤት ታነሺብኛለሽ» እያለች ትስቃለች። ባሏ ሙላቴ ሁለት ቀን አኮረፋትና በሦስተኛው ቀን «መቼ ነው ያሉሽ?» ብሎ ጠየቀ።

ፓምፑን የሚጠግነው መካኒክ መጋቢት አሥራ አምስት አልመጣም። በሃያ ሦስት መጣ፤ በመንግሥት አቆጣጠር ስምንት ቀን ምንም አይደለም። ሲሳይም አብሮ መጣ። ጎማውን ቀይረው ሲጨርሱ እጀታውን ራሱ ነቀነቀው። መጀመሪያ ጭቃ ወጣ፣ ከዚያ ደፈራረስ ያለ፣ ከዚያ የጠራ። ሴቶቹ እልል አሉ፣ ዘነበች ሁሉንም ገፍትራ ጄሪካኗን አንደኛ ደቀነች። እመቤት ከማግስቱ ጀምሮ አንድም ቀን ከትምህርት ቤት አልቀረችም።

ያን ቀን ግን ፈንታነሽና ሲሳይ ዓይን ለዓይን መተያየት አቃታቸው። መካኒኩ ዕቃውን ሲሰበስብ ወደ ሲሳይ ቀረብ አለች።

«ቤት ግቡና እህል ቅመሱ።»

«በልቻለሁ እትዬ» አለ ሲሳይ።

ከደብረ ታቦር ጎሕ ሳይቀድ ተነስቶ፣ ከገሳይ በእግሩ ወጥቶ የት ይበላል? አለመብላቱን ሁለቱም ያውቃሉ። ጓሳ ሜዳ ላይ እንግዳ አንዴ ተጠርቶ አይተውም፤ ይለመናል፣ ይማለዳል፣ «በሞቴ» ይባላል፣ እጁ ይጎተታል። ፈንታነሽ ግን ያበላችውን በአደባባይ ቆጥራ አሁን በምን አፏ ትለምነው? ሲሳይም ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠልጥሎ፣ መካኒኩን ከፊት አስቀድሞ፣ ቁልቁል ወደ ገሳይ ወረደ።