እርማት ያለው?

ገመቹን ወደ ቀበሌው አዳራሽ ያስገቡት በሁለት ሰው ትከሻ አስደግፈው ነው። ከሦስት ቀን ግርፋት በኋላ ውስጥ እግሩ መሬት መርገጥ አቅቶታል። በጆንያ ቁራጭ የተጠቀለለው እግሩ ሲሚንቶው ላይ የደም ዱካ ጣለ። ከኋላው ስምንት መምህራን ተከትለው ገቡ፤ ከነሱም በራሱ እግር የቆመ ሦስት አይሞላም።

ሸዋወርቅ መድረኩ ላይ የመምህራን ማኅበሩን የቃለ ጉባኤ መዝገብ ይዛ ቆማለች። ይሄን ሁሉ ያመጣሁት እኔ ነኝ አለች በልቧ፤ እውነቷንም ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ በ1970 ዓ.ም. የካቲት ላይ የናዝሬት መምህራን አንድ ክፉ ወሬ ደረሳቸው። አንድ የመንግሥት ባንክ ለእርሻ ያበደረውን ገንዘብ ውሃ በልቶት ኖሮ፣ ጉድለቱ ከሌላው መሥሪያ ቤት በጀት ይሞላ ተባለ። ከነሱ ትምህርት ቤት ብቻ አሥራ አንድ መምህራን ይቀነሳሉ። ልጆቹ ድሮም በአንድ ክፍል ሰማንያ ሆነው ነው የሚማሩት። የሒሳብ መምህሩ ገመቹ ስብሰባው ላይ እጁን አወጣ።

«ፓርላማ ቢኖረን ፓርላማው ይከራከርበት ነበር። እሱ ተዘግቷል። እንግዲያው ሕዝብ የመረጠው ሸንጎ ይቋቋምና ባንኩ ይዳን ወይስ ልጆቹ ይማሩ የሚለው በአደባባይ ይመከርበት።»

ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ። ሕዝብ የመረጠው ሸንጎ ማለት ግን በዚያ ሰሞን በገዛ እጅ አንገት ላይ ገመድ ማጥለቅ ነበር፤ የአናርኪስቶች ጥያቄ ነው እየተባለ ስንቱ ተረሽኖበታል። ገመቹ ይህን ያጣዋል? አላጣውም። ልክ የሆነ ነገር ልክ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ሆኖ ነው እንጂ።

ሸዋወርቅ የማኅበሩ ጸሐፊ ናት፤ ጸሐፊ ከተባለም እንደሷ ነው። ማን ሐሳብ እንዳቀረበ፣ ማን እንደደገፈ፣ ቁልጭ ባለ የእጅ ጽሑፍ ታሰፍራለች። በየስብሰባው መጀመሪያ ያለፈውን ታነብና ቀና ብላ «እርማት ያለው?» ትላለች። ሁልጊዜ እጁን የሚያወጣው ገመቹ ነው። አንዴ ቀኑ ተሳስቷል ይላል፤ አንዴ «እኔ ‹ይመስለኛል› አላልኩም፣ ‹ነው› ነው ያልኩት» ይላል። መምህራኑ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ እሷ እየተናደደች ታርማለች።

መምህራኑ መታፈስ የጀመሩ ዕለት የገመቹ ሐሳብ የሰፈረበትን ገጽ ልትቀድ የማኅበሩን ቁም ሳጥን ከፍታ ነበር። ግን ገጹ ቁጥር አለው፣ ማኅተም አለው። ሠላሳ ስድስት ቢጠፋ ሠላሳ አምስትና ሠላሳ ሰባት ያጋልጣሉ። ደግሞስ መዝገብ እንዴት ተደርጎ ይቀደዳል? መልሳ ቆለፈችበት። የጸሐፊ ነገር! በማግስቱ አብዮት ጠባቂዎች ቁም ሳጥኑን በሰደፍ ሰብረው መዝገቡን ወሰዱት።

የቀበሌው ሊቀ መንበር ደገፋ መርዳሳ ሞጆ ላይ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ግዙፍ ሰው ነው። ማንበብ አይችልም። ከጠባቂዎቹም ፊደል የቆጠረ የለም። ማንበብ የሚችል ሰው ፍለጋ መሄድ ጉዱን ማውጣት ስለሆነበት፣ መዝገቡ ሕዝብ ፊት ይነበብ ብሎ ዘየደ። ሸዋወርቅን ሳይገርፋት የተዋትም ለዚሁ ነው።

ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና አዳራሹን ወደ ሞላው ሕዝብ ዞረ።

«ዘጠኙንም ገርፌ ሐሳቡን ማን እንዳመጣው አንድም አልተነፈሰም። መዝገቡ ይናገራል! ሐሳቡን ያቀረበው እዚሁ እርምጃ ይወሰድበታል። ሌላው ተቀጥቶ ይለቀቃል። አንብቢ!»

ሸዋወርቅ ገጽ ሠላሳ ስድስትን ገለጠች። መስመር አራት ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ስም አፍጥጦ ያያታል። ሌላ ስም ብትጠራ ሌላ ሰው ይሞታል። የአራት ዓመት ልጇ ሎሚ ከጎረቤት ጋር ቀርታለች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች።

«ሐሳብ አቅራቢ፣ መምህርት ሸዋወርቅ ኃይለየሱስ።»

ደገፋ በሽጉጡ እጀታ አፏን አላት። ሁለት ጥርሷ መዝገቡ ላይ ወደቀ።

«ሐሳቡ ያንቺ ሆኖ ሦስት ቀን ሙሉ ስታሾፊብኝ!» ብሎ አፈሙዙን ግንባሯ ላይ ደገነ።

ከታች አንድ እጅ ወጣ። ጣቶቹ አብጠዋል፣ አልዘረጋ ብለዋል።

«ሸዋዬ፣ አንብበሽ ስትጨርሺ ትጠይቂን አልነበር?» አለ ገመቹ። «እርማት አለኝ።»

«ጋሽ ገመቹ፣ በእመቤቴ ዝም ይበሉ!» አለች፣ ደሟ ከአፏ እየፈሰሰ።

«ሐሳቡን ያቀረብኩት እኔ ነኝ። ያኔ መምህሩ ሁሉ ሲያጨበጭብልኝ የሰማ ሰምቷል። ስሜ በትክክል ይመዝገብ።» ወደሷ አየና «ጀባዱ፣ ሸዋዬ፤ በርቺ» አላት።

ደገፋ ከመድረኩ ወርዶ ሦስት ጊዜ ተኮሰ። የመጀመሪያው ጥይት ጉሮሮውን ቀደደው። ሁለቱ ከወደቀ በኋላ ነው። ሴቶች ጮኹ፤ ጠባቂዎቹ በሩን ዘግተው የጮኸውን በሰደፍ ደበደቡ።

«አንቺ ገና ነሽ» አለ ደገፋ ተመልሶ፣ እያለከለከ። «መጀመሪያ ጻፊ! ፀረ አብዮተኛው በሕዝብ ውሳኔ እርምጃ ተወሰደበት በይ።»

ሸዋወርቅ ጥርሶቿን በእጇ ጠርጋ ብዕሯን አነሳች። እያለቀሰች ጻፈች፤ ፊደሏ ግን እንደወትሮው ቁልጭ ያለ ነው። ገጽ ሠላሳ ሰባት። «ቀደም ሲል ሐሰት አንብቤ ነበር፤ መምህር ገመቹ አርሞኛል። ሊቀ መንበር ደገፋ መርዳሳ መምህር ገመቹን እጁ ታስሮ ሳይፈረድበት በሦስት ጥይት ገድሎታል። ሕዝብ አልወሰነም።» «እጁ ታስሮ» የሚለውን አየችው። እጁን አውጥቶ ነበር የሞተው። ሰረዘችና «እጁን አውጥቶ እያለ» ብላ አረመች።

መዝገቡን ወደ ደገፋ ዞር አደረገችለት። እሱም አውራ ጣቱን ቀለም ውስጥ ነክሮ ከሥሩ አሳረፈ፤ ማኅተሙንም መታበት።

ሸዋወርቅ ቀና ብላ አዳራሹን አየች።

«እርማት ያለው?» አለች።

እጅ ያወጣ የለም።