የታጠበው ጠጠር

እህቴ የግቢያችንን ሲሚንቶ ያስፈነቀለች ቀን ደሜ ፈልቶ ነበር። ሰው ሁሉ ግቢውን ሲሚንቶ ያለብሳል፣ የእኛዋ ምሁር የለበሰውን ታስወልቃለች! ሥራዋ መሐንዲስነት ነው። አረንጓዴ ግንባታ የሚሉት ነገር ከያዛት ወዲህ ግን ስለ ዝናብ ውሃ የምታወራው እንደ ሥጋ ዘመዷ ነው።

ችግሩ የእናታችን ቤት ነው። ፎቁ ሥር፣ ምድር ቤት ትኖራለች። ከጣሪያው የሚወርደውም ከመንገዱ የሚመጣውም ውሃ ሲሚንቶው ላይ ተንደርድሮ፣ በሯን ሳያንኳኳ ይገባባታል። በየክረምቱ ምንጣፍ ስንጨምቅ ኖረናል። አምና ውሃው ቁርጭምጭሚቷን ሲያልፍ ወንበር ላይ ወጥታ፣ "አሁን ደግሞ አንድ ጊዜ ቢገባ እለቃለሁ፤ የትም ውሰዱኝ" አለች። እናቴ ካለች አለች ነው። እኔ ቤት አንድ ክፍል አሰናዳሁላት። ክፍሉን ባየሁት ቁጥር ግን ሆዴ ይባባል። አባታችንን የሸኘችው፣ እኛን ያሳደገችው እዚያ ምድር ቤት ነው።

እህቴ በሲሚንቶው ምትክ ከበሩ ፊት ለፊት ጎድጎድ ያለ ሰፊ መደብ አስቆፈረች። ከታች አሸዋና አፈር፣ ከላይ ጠጠር፣ ዳር ዳሩን ደግሞ ውሃ የሚወዱ ተክሎች። የጣሪያውንም አሸንዳ ወደዚያው አዞረችው።

"ጋሼ፣ ውሃውን አናባርረውም። መሬቱ ይጠጣዋል" አለችኝ።

"እስቲ ሲጠጣ እናያለን" አልኳት፣ ላናድዳት ብዬ። ከዚያ ለሥራ ወደ ሌላ ከተማ ሄደች።

የመጀመሪያው ዶፍ የወረደው በተመለሰች ማግስት፣ ከምሳ በኋላ ነው። ሦስታችንም በሩ ላይ ቆመን እናያለን። ውሃው ከአሸንዳው እየተንዶለዶለ መደቡ ውስጥ ገባ። ጥሩ። ሞላ። አሁንም ሞላ። የሚሰርግ ነገር የለም። ተክሎቹ እስከ አንገታቸው ተዋጡ፣ ውሃው ወደ መደቡ ጠርዝ ተጠጋ። ከጠርዙ እስከ በሩ ደግሞ ምንም ያህል አይደለም።

የእህቴ ፊት አመድ መሰለ። "አይሆንም! ራሴ ውሃ ደፍቼ ሞክሬዋለሁ እኮ" ትላለች ደጋግማ። ልቀልድባት ያዘጋጀሁትን ሁሉ ተውኩት። እናቴ ወደ ውስጥ ገብታ ልብሷን ማጣጠፍ ጀመረች። ያኔ ፈራሁ።

"ምን አጠፋሁ ብለሽ ነው እንዲህ የምትሆኚው፣ ልጄ?" አለቻት ከውስጥ ሆና። "አንቺ የምትችይውን አድርገሻል። እኔም ስትመጪ ቆሽሾ እንዳታገኚው ብዬ ጠጠሩን አውጥቼ አጥቤልሽ ነበር።"

"ጠጠሩን አጠብሽው?" አልኩ።

"አዎ፣ ከላይ ካለችው ልብስ ሰፊ ጋር። አንድ በአንድ። 'አፈሩ መልሶ ያቆሽሸዋል' ስትለኝ ጊዜ ከሥሩ ላስቲክ አነጠፍንበት። ወፍራም ላስቲክ ነው፣ ጠብ አያደርግም!"

እህቴ ከነጫማዋ ዘላ ውሃው ውስጥ ገባች። እኔም ሱሪዬን ሳልሰበስብ ተከተልኳት። ጠጠሩን በእጃችን እየዛቅን ላስቲኩን አገኘነውና ጎተትነው። ንቅንቅ አልል አለ። ይሄኔ ነገሩ የገባት እናቴ "ወይኔ ጉዴ!" ብላ መቀስ ይዛ መጣች። ልብስ ሰፊዋ በመስኮት ብቅ ብላ "ኧረ እንዳትቀዱት፣ ደህና ላስቲክ ነው!" ትላለች። እህቴ መቀሱን ውሃ ውስጥ ሰዳ ላስቲኩን ከዳር እስከ ዳር ሸረከተችው።

መጀመሪያ ምንም የለም። ቀጥሎ ውሃው አረፋ ደፈቀ። ከዚያ የተዋጡት ቅጠሎች አንድ በአንድ ብቅ ብቅ አሉ። ዝናቡ ሳያባራ ውሃው ይጎድላል! ሳቄ መጣ፤ እንባዬም አብሮት መጣ። እህቴን ከነጭቃዋ አቀፍኳት።

"ጠጣልሽ! እውነትም ጠጣልሽ!"

"ጋሼ፣ ልቀቀኝ፣ አንቀህ ልትገድለኝ ነው" አለች እየሳቀች።

የቀረውን ላስቲክ ቆራርጠን አውጥተን ስንገባ ወለሉ ደረቅ ነው። ቀድማን የገባችውን እናታችንን ብንጠራት አትመልስም። ደንግጠን ወደ መኝታዋ ሄድን። ካጣጠፈችው ልብስ ጎን ጋደም ብላ፣ አፏን ከፍታ ታንኮራፋለች። ውጭ ዶፉ መስኮቱን ይደበድባል። ዝናብ እየዘነበ እናታችን ስትተኛ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየነው ያን ቀን ነው።