የነጣው ጊታር

ድራመሩ የጊታሩን ሳጥን ከፈተ። «ፎቶው አጠገብ ወንበር ላይ እናቁመው» ብሎ ከመኝታ ቤት ያወጣው እሱ ራሱ ነበር። አሁን ግን ክዳኑን በአንድ እጁ እንደያዘ ተሳስቶ ሰው ቤት የገባ መስሏል።

«ይሄ የቀጭኑ ነው?» አለ።

«የሱ ነው» አለች የሟች ሚስት፤ ባሏን ጓደኞቹ ሁሉ ቀጭኑ ነበር የሚሉት።

«ቢጫው የት ሄደ?»

«አነጣሁት።»

ሳሎኑ ውስጥ ሃያ የሚሆን ለቀስተኛ ተቀምጧል። ሻይ ያማስሉ የነበሩ ማንኪያዎች ባንዴ ቆሙ። ድራመሩ ጊታሩን አንስቶ ወንበሩ ላይ አቆመው፤ የደረቱ ፕላስቲክና ሦስቱ የድምፅ ቁልፎች ትናንት ከፋብሪካ የወጡ ይመስላሉ። «ያምራል እትዬ፣ አዲስ ሆኗል» አለና ወደ ቦታው ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ወደዚያ ወንበር ዞር ብሎ አላየም።

ከተቀበረ ሁለተኛ ቀኑ ነው፤ ሚስትየው ገና አላለቀሰችም። ፀጉር ሠሪ ናት። ሰው ሁሉ አንገቷ ላይ ተጠምጥሞ ሲያለቅስ እሷ የምታየው የፀጉሩን ሥር ነው። ይህቺ ከተቀባች ሁለት ወር አልፏታል፤ ያቺኛዋ ቤቷ ራሷን በራሷ ቀብታ ጆሮዋን ጭምር አጥቁራዋለች። ምን ዓይነት ሰው ነኝ ብላ አሰበች፤ መልሱ ግን አላሳሰባትም። የተኙበት ክንድ ደንዝዞ የሌላ ሰው ክንድ እንደሚመስለው፣ እጅ እየጨበጠች «እግዜር ይስጥልኝ» የምትለው ሴት ሌላ ሴት መሰለቻት።

ጊታሩን ሲገዛው ነጭ ነበር። ሲጋቡ የወተት መልክ ይዞ ነበር፤ ከዓመታት በኋላ ቅቤ መሰለ፣ በመጨረሻም ማር። ሠላሳ ዓመት የምሽት ክበብ ጭስ፣ የመድረክ መብራትና የእጁ ላብ የሠሩት ነው። ጓደኞቹ «ጊታርህ ጥርሱን አይፍቅም እንዴ?» ሲሉት «ባለቤቱም አይፍቅ» ብሎ ይመልስ ነበር። ቀጭኑ ብዙ አይናገርም፤ ከተናገረም ከዚህ አይበልጥም።

ሆስፒታል ዐሥራ አንድ ቀን ተኛ። ለጠያቂ የሚፈቀደው በቀን አንድ ሰዓት ብቻ ነበር፣ የቀረውን ሰዓት እጇን የምታሳርፍበት አጣች። መጋረጃ አጠበች፣ ምድጃ ፈተገች፣ የበር እጀታ ሳይቀር ወለወለች። በመጨረሻ ዓይኗ ጊታሩ ላይ አረፈ። ሰው በዕድሜ የጠፋበትን መልክ መመለስ ሥራዋ ነው፤ ይሄማ ምን አላት? ፕላስቲኮቹን ፈታች፣ ፀጉር የምታነጣበትን ክሬም ቀባቻቸው፣ የደንበኛ ጭንቅላት እንደምትጠቀልለው በላስቲክ ጠቀለለቻቸውና ሰገነት ላይ ለፀሐይ አሰጣቻቸው። በሁለተኛው ቀን ላስቲኩን ስትገልጠው በረዶ መስለው አገኘቻቸው። የዚያን ቀን ደስ ብሏት ነበር። ለብቻዋ ስቃለች።

ባሏ ከሆስፒታል ወጥቶ ቤት ሲገባ ሳጥኑን ከፍታ አሳየችው። ብዙ አየው። «እጅሽ ይባረክ» አለና ክዳኑን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ከዚያ ዘጠኝ ቀን ኖረ፤ በዘጠኙ ቀን ሳጥኑን አንዴም አልከፈተውም።

አሁን ከጓዳ የባሏ እህት ድምፅ ይሰማል።

«ወንድሜ እዚያ ተኝቶ እሷ እዚህ ፕላስቲክ ታጥባለች። ከዚያ ወዲያ እኮ አልነካውም።»

«ኧረ ቀስ በይ፣ ትሰማሻለች።»

«ትስማኛ።»

ሰማች። እውነት ስለሆነም አልተቆጣችም። ከቀብሩ ጀምሮ በደነዘዘው ልቧ ውስጥ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው ነቅቶ የተቀመጠው፤ ቂም ይዞብኝ ይሆን የሞተው?

በሦስተኛው ቀን ድራመሩን ለብቻው ይዛ ጠየቀችው። «ምን ነክቶሽ ነው? ወዶት ነበር እኮ» አላት ቶሎ ብሎ። እሷም መስታወት ፊት የተቀመጠችን ሴት በዚሁ ድምፅ ስንቴ «አምሮብሻል» ብላታለች። ውሸቱን አወቀችለት፤ አመስግናው ተነሳች።

በአራተኛው ቀን ጠዋት የባሏ ጊታር ጠጋኝ መጣ። መርዶውን ዘግይቶ ነው የሰማው። ሽማግሌ ነው፤ ሙጫ የደረቀባቸውን ጣቶቹን ጉልበቱ ላይ ሰብስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ከሁሉም ሰው ተለይቶ ዓይኑን ከጊታሩ አላነሳም።

«ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ‹ነፋስ ልቀበል› ብሎ ወጥቶ ሁለት ሰዓት ቆይቷል» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «አንተ ጋ ነበር?»

ሽማግሌው ጋቢውን ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«አባባ፣ እኔን ማባበል የማያውቅ ሰው ስጠብቅ ነው የሰነበትኩት።»

«እኔ ጋ ነበር» አለ። «ጊታሩን አላመጣውም፤ ቀለሙን በዓይኑ ይዞት ነው የመጣው። ከአሮጌ ጊታር የፈታኋቸው ፕላስቲኮች በቆርቆሮ ሙሉ አሉኝ፤ ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ ዘርግፎ አንድ በአንድ አያቸው። ልክ እንደሱ ያለ ቢጫ አገኘ። ‹ነገ አምጣውና ልግጠምልህ› አልኩት።»

«ተናዶብኝ ነበር?»

«አልዋሽሽም፤ ከፍቶት ነበር። ‹ሠላሳ ዓመቴን ነው ያጠበችው› አለኝ።»

ዓይኗን አልሰበረችም። «እሺ፣ ከዚያስ?»

«ከዚያ ያገኘውን መልሶ ቆርቆሮው ውስጥ ከተተው። ‹ተወው ባክህ፤ እሷ ቀለም የቀየረ ሰው ከመንገድ ማዶ ነው የምታውቀው። ያየችው እንደሆነ ትሰበራለች› አለ። ሻዩን ጠጣ። ሲወጣ ‹እንዳትነግራት› አለኝ።» ሽማግሌው ጣቶቹን አያቸው። «ይኸው ቃሌን አፈረስኩ፤ አፈር ይቅለለውና እሱም ይቅር ይለኛል።»

ደረቷ ውስጥ የሆነ ነገር ተንቀሳቀሰ። አመማት፤ ካመማት ደግሞ ቀናት አልፈው ነበር። ከፍቶት ነበር፣ እኔንም እንዳይከፋኝ ጠብቆኛል፤ ሁለቱም እውነት ነው። ጊታሩን ሳታስፈቅደው ነክቶ «እጅሽ ይባረክ» የተባለውን እጇን ጭኗ ላይ ጨበጠችው።

«ይሄ ዳግም ቢጫ ይሆናል?» አለች።

«ይሆናል እንጂ። ክሬም ከሌለው ራሷ ፀሐይ መልሳ ቢጫ ታደርገዋለች።»

«በስንት ጊዜ?»

«ኧረ ብዙ ነው። የመጀመሪያው ሠላሳ ዓመት አይደል የፈጀው?»

እሷ ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው። ከመቀመጫዋ ተነሳች፤ በለቀስተኛው ጉልበት መሃል አልፋ ወንበሩን ከነጊታሩ ከፎቶው አጠገብ ወደ መስኮቱ ጎተተችው። የባሏ እህት ከጓዳ ብቅ አለች።

«ደግሞ ምን ልታደርጊው ነው?»

«ፀሐይ ታግኘው» አለችና መጋረጃውን ገለጠች።

አጠገቡ ወለል ላይ ተቀመጠች። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ «እግዜር ያጽናሽ» ይላታል፤ እሷም ትመልሳለች። ከሰዓት በኋላ ብርሃኑ ከጊታሩ ደረት ላይ ወርዶ ወደ ግድግዳው መሸሽ ሲጀምር ተነስታ ወንበሩን አንድ ክንድ ያህል ገፋ አደረገችው።