ቀለሙ ያልለቀቀው ሬዚስተር

ደሳለች በደብረ ታቦር ገበያ ዳር ቴፕና ራዲዮ ስትጠግን ጸጉሯ ሸብቷል። «በእጄ ገብቶ ሳይሠራ የወጣ ዕቃ የለም» ማለት ትወዳለች፤ ትሕትና እንደሆነ አልፈጠረባትም።

ያን ቀን ግን የጠገነችው ቴፕ አንድን የዜማ ጉባኤ መምህር ሊያሳጣው ነበር። መሪጌታ ይሻው ከገሳይ በሚኒባስ ታቅፈውት የመጡት፣ ክሩ በሁለት ትልልቅ መንኮራኩር የሚጠቀለል የጥንት ቴፕ ነው። ክሩ ላይ ያለው የመምህራቸው የየኔታ ዘውዱ ዜማ ሲሆን፣ የሟቹ ድምፅ ሌላ ቦታ የለም። ደሳለች ቀበቶውን ለወጠች፣ አቧራውን ጠራረገች፤ «ይኸው ደኅና ሆኗል!» ብላ ከፈተችው። ቀጭንና ጥድፊያ የበዛበት ድምፅ ወጣ።

መሪጌታ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሰሙ። ፊታቸው ጠቆረ።

«እኔ እንዲህ አላስተማርሁም» አሉ። «ደቀ መዛሙርቴ ‹ያጓትታሉ› ሲሉኝ እቈጣ ነበር። ለካ እውነታቸውን ኖሯል! ይህን ሁሉ ዘመን የመምህሬን ዜማ ሳበላሽ ኖሬያለሁ።»

«ታዲያ ምን ሊያደርጉ ነው፣ የኔታ?»

«እሑድ ወንበሬን እለቃለሁ። ጆሮው ያረጀ መምህር ምን ይሠራል?»

ደሳለች ደነገጠች። ደኅና ነው ያለችው ራሷ ናት። «እስቲ ትንሽ ይቀመጡ» ብላ ክዳኑን እንደገና ፈታች።

ሞተሩ ጤነኛ ነው። የሞተሩን ፍጥነት የምትቈጣጠረው ሬዚስተር ላይ ስትደርስ እጇ ቆመ። የሬዚስተር ልክ በላዩ ከተቀቡት የቀለም መስመሮች ይነበባል፤ የዚችም ቀለም ትናንት የተቀባ ይመስላል። ጠዋት ቀለሟን አንብባ፣ አምናት፣ ሳትለካ አልፋታለች። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ! አሁን የሬዚስተሯን አንድ እግር ነቅላ በቴስተር ለካቻት። ቀለሟ ከሚናገረው እጥፍ ልትሆን ምንም አልቀራት። እርጅናው ውስጧን ሲለውጥ ቀለሟን አልነካውም፤ ሞተሩን ከልኩ በላይ ያስሮጠችው፣ ዜማውንም ያጣደፈችው እሷ ናት።

ደሳለች አዲስ መረጠች፤ መጀመሪያ ለካች፣ አሁንስ ተምራለች፤ ከዚያ በካውያ በየደቻት።

ቴፑ ተከፈተ። ወፍራም፣ የተረጋጋ የሽማግሌ ድምፅ ሱቁን ሞላው። የመሪጌታ ከንፈር ተንቀሳቀሰ፤ ድምፃቸውም ወጣ። መምህሩ ሲያነሡ ያነሣሉ፣ ሲጥሉ ይጥላሉ፤ ትንፋሽ የሚወስዱት እንኳ እኩል ነው። አላፊ አግዳሚው በር ላይ ተሰበሰበ።

ዜማው ሲያልቅ መሪጌታ በጥርጣሬ ዞር አሉ። «እኔን ለማጽናናት ብለሽ አዘግይተሽው እንዳይሆን?»

«በመስቀሉ! ፋብሪካው ወደ ሠራበት ልክ መለስሁት እንጂ የአንቱን ጆሮ መች ጠየቅሁ? ያረጀችው እሷ ናት፤ አንቱ አይደሉም።»

የገብስ ፍሬ የምታህለውን አሮጌ ሬዚስተር መዳፋቸው ላይ አኖረችላቸው። አዩዋትና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«ይቺ ናት ከወንበሬ ልታወርደኝ የነበረች? እሑድ ጉባኤው ላይ ይዣት እገባለሁ። ‹ያጓትታሉ› ያለኝ ሁሉ መጥቶ ያጥናት!»

ደሳለችም መቼስ ትሕትና አልፈጠረባትም፤ ወደ ገበያው ወጥታ እልልታዋን አቀለጠችው።