የንግሥቲቱ መስመር

ጋሽ ማስረጃ ቀይ እስክሪብቶአቸውን አወጡና ሦስተኛውን መስመር ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። ወረቀቱ አታሚው የላከው የፒዛ ካርቶን ናሙና ነው። ክዳኑ ላይ «ስለ ፒዛ ይህን ያውቃሉ?» ይላል፤ ከሥሩ አምስት መስመር አለ። ከምሳ በፊት «ይታተም» ካልተባለ አታሚው ማሽኑን ለሌላ ደንበኛ ሊያዞር ነው። ፒዛ ቤቱ ውስጥ የቀረው ካርቶን ደግሞ ለነገም አይበቃም።

ሠላሳ ሁለት ዓመት ታሪክ አስተምረዋል። «ማስረጃህ የታለ?» ሳይሉ ያለፉት ተማሪ የለም፤ ስሙንም ያወጡላቸው እነዚያው ተማሪዎች ናቸው። ጡረታ ከወጡ ወዲህ የሚስታቸው ፒዛ ቤት ጥግ ላይ ያለችውን ጠረጴዛ ይዘዋል። ልጃቸው ሂሳብ ትቀበላለች፣ ሚስታቸው ምድጃው ላይ ናቸው፣ እሳቸው ከዓለም ጋር ይጣላሉ።

ሌሎቹን አራት መስመሮች አልነኳቸውም። ፒዛ የሚለው ቃል ከሺህ ዓመት በፊት በላቲን በተጻፈ ሰነድ ላይ ተገኝቷል፤ ሰነዱ አለ። አውሮፓ ውስጥ ቲማቲምን መርዝ ነው ብለው የፈሩ ሰዎች ነበሩ፤ ተጽፏል። ፒዛ ጠፈር ድረስ ተልኳል፤ ይሁን። አናናስ ያለበትን ፒዛ ካናዳ ውስጥ የጀመረው ግሪክ የተወለደ ሰው ነው የሚለውን ሲያነቡ ግን እንደተሰደበ ሰው ፊታቸው ተኮሳተረ። ቢሆንም እውነት ነውና አለፉት።

ሦስተኛው የንግሥቲቱ ነው። የጣሊያን ንግሥት ኔፕልስ ስትሄድ አንድ ጋጋሪ በቲማቲም፣ በአይብና በበሶብላ የባንዲራውን ቀለም አስመስሎ ፒዛ ሠራላት፤ ወደደችው፤ ፒዛውም በስሟ ማርጋሪታ ተባለ።

«ተረት ነው» አሉ ለልጃቸው። «ጋጋሪው ከቤተ መንግሥት ተቀበለ የሚባለውን የምስጋና ደብዳቤ እንኳ የማያምኑ ተመራማሪዎች አሉ። በእኔ እጅ ያለፈ ካርቶን ውሸት ተሸክሞ ሰው ቤት አይገባም።»

«አባባ፣ ሰው ካርቶኑን የሚከፍተው ሊበላ እንጂ ሊፈተን አይደለም።»

«ሆዱ የሞላ ሰው ጭንቅላቱ ባዶ ይሁን ያለሽ ማን ነው?»

ልጅቱ በነገር እንደማትችላቸው ታውቃለች። ወረቀቱን አንስታ ወደ ምድጃው ሄደች። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ እናትየው ዱቄት የነካውን እጃቸውን በሽርጣቸው እየጠረጉ መጡ። ሌላ ቀን ቢሆን ጩኸታቸው ይቀድማቸው ነበር። ዛሬ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ይህን መስመር ያስጻፍኩት እኔ ነኝ።»

«ከየት አምጥተሽ?»

«ካንተ።»

ጋሽ ማስረጃ እስክሪብቶውን አስቀመጡ።

«ሰው ፒዛ ቤት ተቀጥሬ ሊጥ ሳቦካ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣህ ርካሹን ማርጋሪታ ታዛለህ። የምትለው ጠፍቶህ ትቁነጠነጣለህ። አንድ ቀን፣ ይህን የሠራሽውን ንግሥት በልታዋለች አልከኝ። እጄ እስከ ክርኔ ሊጥ ነው። ሥራዬን እንደዚያ አክብሮ ያየልኝ ሰው አልነበረም። ይህን ቤት የከፈትኩት በዚያች ንግሥት ነው።» ተነሡ። «ያኔ እኔ ማስረጃህን አልጠየቅኩህም። ከፈለግህ አውጣው፤ የሚያርርብኝ ፒዛ አለ።»

ልጅቱ ሳቋን ለመደበቅ መሳቢያ ከፈተች። አባቷ ግን አልሳቁም። ያንን ታሪክ የት እንዳነበቡት ለማስታወስ ሞከሩ፤ መጽሔት ይሁን የሰው ወሬ፣ አልመጣላቸውም። ተማሪ እንደዚህ ያለ መልስ ቢሰጣቸው ዜሮ ነበር የሚሰጡት። ቀና ብለው ምድጃውን አዩ። ሚስታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ረጅሙን አካፋ እሳቱ ውስጥ ሰደው አንዱን ፒዛ ያዞራሉ። አንዴም ዞር አላሉም።

«ያልተሰረዘበት ቅጂ አለሽ?» አሉ ልጃቸውን።

ነበራት። ረጅም ጊዜ ወስደው፣ በሰሌዳ ላይ ይጽፉበት በነበረው ጥንቁቅ የእጅ ጽሑፋቸው ከሦስተኛው መስመር ሥር አንድ መስመር ጨመሩ። ልጅቱ ፎቶ አንስታ ላከችው። ምሳ ሰዓት ሊደርስ ሲል አታሚው ደወለና በስህተት የገባ ነገር ያለ ይመስለኛል አለ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበላት፦

«ለዚህ ታሪክ ማስረጃ የለኝም። ለባለቤቴ የነገርኳት ግን እኔ ነኝ፤ አምናኛለች።»

ጋሽ ማስረጃ ስልኩን ከልጃቸው እጅ ወሰዱት።

«ስህተቱ የኔ ነው» አሉት። «እንዳለ አትመው።»