የአርባ አምስት ልጆች «አዎ»

ሰኞ ኅዳር ሰባት ቀን፣ በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ፣ ስክሪኑ የስምንተኛ ቢ ተማሪዎችን ድምፅ ወሰደ። በዕለቱ ክፍል ውስጥ የነበሩት አርባ ስድስት ናቸው። የተወሰደው የአርባ አምስቱ ድምፅ ነው። የፊዚክስ አስተማሪያቸው እኔ ስለሆንኩ የሆነውን በቅደም ተከተል እጽፋለሁ። የምጽፈው ተናድጄ ነው፤ ይህም ይታወቅልኝ።

ስክሪኑ የመጣው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ጥቁር ሰሌዳችን ተነቅሎ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ተጣለና ስክሪኑ በቦታው ተሰቀለ። ለመምህራን በአዳራሹ ግማሽ ቀን ሥልጠና ተሰጠን። አሠልጣኙ ትንሽ ባወራ ቁጥር «ገባችሁ?» ይለናል፤ እኛም በአንድ ድምፅ «አዎ» እንለዋለን። እኔ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የገባኝ ነገር የለም። አጠገቤ የተቀመጡትም ከእኔ የተሻሉ አልመሰለኝም። ግን ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር።

የስክሪኑ ሥራ ተማሪውን ማሳተፍ ነው። ትምህርቱን በፊልም ያሳያል፣ በየአሥር ደቂቃው በለስላሳ ድምፅ «ገባችሁ?» ብሎ ይጠይቃል። ልጆቹ «አዎ» ሲሉት ጭብጨባ ያሰማል፣ በምስል ባለቀለም ወረቀት ይበትናል። በቀኝ ማዕዘኑ የተሳትፎው ፐርሰንት ይታያል። ርዕሰ መምህራችን አቶ ደምሰው ቁጥሩን በየቀኑ በመስኮት እያዩ ማስታወሻቸው ላይ ያሰፍራሉ።

ያን ቀን ትምህርቱ ስለ መንሳፈፍ ነበር። አንዲት ትልቅ መርከብ ባሕር ላይ ስትሄድ አየን። ታምራለች፣ አልዋሽም። ስክሪኑ «ገባችሁ?» አለ። አርባ አምስት ልጆች «አዎ» አሉ። ተጨበጨበ፣ ወረቀቱም ተበተነ። ከዚያ በኋላ ልጆቹ አፋቸውን ቢከፍቱ ምንም አልወጣም። ከኋላ ወንበር አንዱ አስነጠሰ፤ ማስነጠሱ የተሰማው ከስክሪኑ ነው።

«ቲቸር፣ እኔ አልገባኝም» አለች ዘምዘም።

ዘምዘም ሌላው ሁሉ «አዎ» ሲል «አልገባኝም» የምትል ልጅ ናት። የምትለውም ደወል ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ነው። ስንት ጊዜ «ቆይ ነገ» ብያታለሁ።

«መርከቧ ብረት ናት አይደል?» አለች። «መርፌ እንኳ ይሰምጣል። እሷ ለምን አትሰምጥም?»

«ፊልሙ አሳየሽ አይደል እንዴ?»

«መሄዷን አሳየኝ። ለምን እንደማትሰምጥ ግን አልነገረኝም።»

ማዕዘኑ ላይ ዘጠና ስምንት ይላል።

ወደ አቶ ደምሰው ቢሮ ሄጄ የልጆቹ ድምፅ መወሰዱን ነገርኳቸው።

«የት ነው ያለው?» አሉኝ።

«ስክሪኑ ውስጥ።»

«ካለማ አልጠፋም» አሉ። «ለመሆኑ ይሄ ክፍል ይንጫጫል እያልክ ስንት ዓመት ነው ያሰለቸኸኝ? ይኸው ፀጥ አለልህ። ተሳትፎው ደግሞ ዘጠና ስምንት ነው። ሌላ ክፍል እኮ ሰባም አልደረሰም።»

 በሩን ዘግቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ ከአርባ አምስቱ ልጆች አንዱ የሆነው የአቤኔዘር እናት ከጉሊታቸው ተነሥተው መጡ። ልጃቸውን ቤት ውስጥ ማነጋገር ስላቃታቸው፣ እጁን ይዘው ስክሪኑ ፊት ቆሙ።

«አቤኔዘር፣ ቁርስህን በልተሃል?» አሉ።

«አዎ» አለ ስክሪኑ፣ በአቤኔዘር ድምፅ።

«ያመመህ ነገር አለ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ደህና ነህ?»

«አዎ።»

ልጁ አጠገባቸው ቆሞ ራሱን ግራና ቀኝ ይነቀንቃል። እናትየው ወደ እኔ ዞሩ። «መምህር፣ ልጄን ያስረከብኩት ለእርስዎ ነው ወይስ ለዚህ ቴሌቪዥን?»

«ለእኔ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ይመልሱልኛ።»

ረቡዕ አቶ ደምሰው አስጠሩኝ። ሐሙስ ከበላይ አካል እንግዶች ስክሪኑን ሊጎበኙ ይመጣሉ። «መቶ መሙላት አለበት» አሉኝ። «ያቺን ልጅ አዎ አስብላት።»

«ድምፅዋ ይወሰዳል» አልኳቸው።

«የአርባ አምስቱ ተወስዶ የአንዷ ምን ያደርጋል? እንዲያውም ብቻዋን እያወራች ክፍሉን ትረብሻለች።»

ስክሪኑ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ሌላ ትምህርት አላለፈም። ያቺኑ መርከብ ለዘምዘም እየደጋገመ ያሳያታል። መርከቧ ሄዳ ሄዳ ስታበቃ «ገባችሁ?» ይላል፤ እሷ «አልገባኝም» ትላለች፤ መርከቧ እንደገና ትነሣለች። እስከ ረቡዕ የመውጫ ደወል ስልሳ አንድ ጊዜ ሄዳለች። ዘምዘም ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

«ቲቸር፣ አዎ ልበለውና ይተወኝ?» አለች።

«አይሆንም።»

«ብቻዬን ማውራት ሰለቸኝ። በእረፍት ሰዓት የሚመልስልኝ የለም።»

በስክሪኑ ብቻ ብናደድ በቀለለኝ ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ «ገባችሁ?» ብዬ ጠይቄያለሁ፣ «አዎ» ሲሉኝ ገጽ ገልጬ አልፌያለሁ። ዓይናቸውን አይቼ ውሸት መሆኑን እያወቅኩ አልፌያለሁ፣ ምክንያቱም ምዕራፉ ማለቅ ነበረበት። ያን «አዎ» ያስለመድኳቸው እኔ ነኝ። ስክሪኑ ተዘጋጅቶ የቆየውን ነው የወሰደው። ያን ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁት በራሴ ንዴት ነው።

ሐሙስ ጠዋት አንድ ባልዲ ውሃና ሁለት ባዶ የሳልሳ ጣሳ ይዤ ሄድኩ። አንዱን ጣሳ በድንጋይ ቀጥቅጬ አጣጠፍኩት። ሁለቱንም ለዘምዘም ሰጠኋት። ክብደታቸው እኩል እንደሆነ በእጇ መዘነች። የተቀጠቀጠውን ውሃው ውስጥ ስትጥለው ሰመጠ። ደህናውን አፉን ወደ ላይ አድርጋ ስታስቀምጠው ተንሳፈፈ። ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየችው። በጣቷ ወደ ታች ገፋችው፤ ተመልሶ ወጣ።

«ሰፊ ቦታ ስለያዘ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ብዙ ውሃ ይገፋል። ውሃውም መልሶ ይገፋዋል።»

በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ሲበራ ያየሁት ፊት ጥቂት ነው። ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ምን እንዳደረግኩ ታወቀኝ። ዘምዘም መዋሸት አታውቅም። አሁን ደግሞ ገብቷታል።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አምስት እንግዶች ከአቶ ደምሰው ጋር መጥተው ከእኔ ጎን ከኋላ ቆሙ። መርከቧ ሄደች። ስክሪኑ «ገባችሁ?» አለ።

ዘምዘም ባልዲውን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ተነሥታ ቆመች።

«የመርከቧ ነገር ገብቶኛል። ያስረዳኝ ግን ቲቸር ነው» አለች። «የልጆቹን ድምፅ ለምን እንደወሰድክ ነው ያልገባኝ።»

ስክሪኑ ላይ ትንሽ ክብ መሽከርከር ጀመረች። በጣም ቆየች። ከዚያ ስክሪኑ ድምፁን ጥቂት ከፍ አደረገና፣ ከእሷ አልፎ፣ ከኋላ ለቆምነው «ገባችሁ?» አለ።

እንግዶቹ «አዎ» አሉ። አቶ ደምሰው «አዎ» አሉ። እኔም አልኩ። ምኑ ብዬ አልጠየቅኩም። ሃያ ሁለት ዓመት የለመደ አፍ ቀደመኝ።

ተጨበጨበ። እንግዶቹ አፋቸውን ከፍተው ዘጉ፣ በምልክት ተመሰጋገኑ፣ የአቶ ደምሰውን እጅ ጨብጠው ወጡ። እኛ ሰባታችን ተጨምረንም ቁጥሩ ያው ዘጠና ስምንት ነው።

«ቲቸር፣ እርስዎ ለምን አዎ አሉ?» አለች ዘምዘም።

አልገባኝም ልላት አፌን ከፈትኩ። ክፍል ውስጥ ብዬው የማላውቀው ቃል ነው።

«አዎ» አለ ስክሪኑ፣ በእኔ ድምፅ።

ከዚያ መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጠቆረ። ዘምዘም ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን የስም መጥሪያ ደብተር አነሣችና ከመጀመሪያው መጥራት ጀመረች። «አቤኔዘር» ብላ ጠራች፤ ስክሪኑን ሳይሆን ልጁን እያየች ጠበቀች። ከጠቆረው ስክሪን ውስጥ «አዎ» ተባለ። ሁለተኛውን ጠራች፤ ጠበቀች። «አዎ» ተባለ። በእያንዳንዱ «አዎ» የባልዲው ውሃ ይርገበገባል፣ ጣሳውም በትንሹ ዝቅ ይላል። የራሷ ስም ላይ ስትደርስ ዘለለችው።

ዝርዝሩ ሲያልቅ ደብተሩን ዘግታ ወደ እኔ ዞረች።

«ቲቸር ውብሸት» አለች።

ስክሪኑ መለሰ። ጣሳው ከባልዲው ታች፣ ከተቀጠቀጠው አጠገብ ተቀመጠ። ውሃው መልሶ አልገፋውም፤ በአፉ ዙሪያ ቆሟል፤ ውስጡ ደረቅ ነው።