የሳያ ባዶ አልጋ

ኮሊን ደግ ሰው ነው። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ሳማው ክፉ እንዳይመስላችሁ ነው። ለፖም ለቀማና ለወይን ክርከማ ከደሴት አገራችን ከቶንጋ ድረስ ሲያስመጣን ብርድ ልብሱን አጥቦ፣ ማቀዝቀዣውን ሞልቶ፣ በር ላይ ቆሞ የሚጠብቀን አሠሪ ነው። የዘንድሮውን ጥፋትም ያጠፋው በደግነቱ ነው።

አምና እኛ ሴቶቹ ሃስቲንግስ ከተማ ውስጥ ለብቻችን ቤት ነበረን። ባለቤቱ ሸጠውና ዘንድሮ ኮሊን የወንዶቹን ረጅም ቤት ጫፉን በስስ ጣውላ ከፍሎ ሁለት ክፍል አወጣልን። የራሳችን በር አለን፣ የራሳችን መታጠቢያም አለን፤ ማብሰያው ብቻ የጋራ ነው። ከአውሮፕላን ማረፊያ ያመጣን ሚኒባስ ሲቆም እጁን እያፋተገ ወደ እኛ መጣ። ከሴቶቹ አዲስ ገቢዋ ፒሲላ ብቻ ነበረች።

"ካሎ፣ ንገሪያት" አለኝ። እንግሊዝኛዬ ከሌሎቹ ስለሚሻል ሁልጊዜ የማስተረጉመው እኔ ነኝ። "የሳያ እህት መሆኗን ሰምቻለሁ። ከሳያ ክፍል አጠገብ ያለውን ለእሷና ለአንቺ አድርጌዋለሁ። ከአገሯ ርቃ እንዳይከፋት ብዬ ነው።"

ከወንዶቹ ጋር ቀድሞን የገባው ሳያ ከኋላው ቆሞ ነበር። ታላቅ እህቱ ከሚኒባሱ ስትወርድ አየና አንገቱን ደፍቶ፣ በቤቱ ጀርባ ዞሮ ጠፋ። ኮሊን ዓይኑ እንባ ሞላ።

"ማልቀሱን እንዳናይበት ነው። ደስታ ነው" አለኝ።

አዎ አልኩት። ምን ልበለው?

እኛ አገር ወንድ ልጅ ገና ጢም ሳያወጣ እህቱ ከምታድርበት ጣሪያ ሥር ይወጣል። ከጓሮ ጎጆ ይቀልሳል፣ ወይ ከአጎቱ ልጆች ጋር ያድራል። እህትና ወንድም ባሉበት የወንድና የሴት ነገር አይወራም፤ ቴሌቪዥን ላይ ሁለት ሰዎች ከተጠጋጉ አንደኛው ውሃ ሊጠጣ ይነሳል። ወንድሟ መኝታዋን አያይም፣ ልብሷ በተሰጣበት ገመድ ሥር አያልፍም። ታላቅ እህት ስትሆንማ የባሰ ነው፤ በሰርጉም በለቅሶውም ከእሱ በላይ የምትቀመጠው እሷ ናት። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረንም። የኮሊን ጣውላ ደግሞ ሰው በተገላበጠ ቁጥር ሲጢጥ የሚል ጣውላ ነው።

ታዲያ ለምን አልነገራችሁትም ትሉኝ ይሆናል። መናገሩ ራሱ ነውር ነው። "እህቴ ከግድግዳው ማዶ ተኝታለች" ብሎ አፍ አውጥቶ መናገር ስለ መኝታዋ ማውራት ነው። ደግሞም ፈራን። ቪዛችን ከኮሊን ጋር ያሰረን ቪዛ ነው፤ ለእሱ ብቻ እንሠራለን፣ እሱ ባስመዘገበው ቤት ብቻ እናድራለን፣ ወቅቱ ሲያልቅ እንሄዳለን። ወጣ ብሎ ሌላ ቤት መከራየት የሚባል ነገር የለም። ነገሩ ካስቸገረ መጀመሪያ የምትመለሰው አዲሷ ናት። ፒሲላ ደግሞ ባሏ ባሕር ላይ ከቀረ ወዲህ ተራዋን ስትጠብቅ ኖራ፣ ልጆቿን ለእናቷ ትታ ነው የመጣችው። ስለዚህ ሁላችንም አፋችንን ያዝን።

መጀመሪያ መጀመሪያ ነገሩ ሳቅ ነበር። ከወንዶቹ መካከል ሎፔቲ የሚባል አፉ የማይዘጋ አለ። ቀልድ ጀምሮ ሳያ ባለበት ፒሲላ ብቅ ካለች የጀመረውን መዋጥ አለበት።

"ይሄ ቤት ለቅሶ ቤት ሆነኮ" አለኝ አንድ ማታ ካሳቫ ስልጥ አጠገቤ ቆሞ። "በምግብ ሰዓት የሚሰማው የማንኪያ ድምፅ ብቻ ነው።"

"ምን ታደርግ፣ ያንተ ቀልድ ከወገብ በላይ ወጥቶ አያውቅ።"

"እሱማ ነው ሕመሜ። ሆዴ ውስጥ ታምቆ ሊገድለኝ ነው።"

"ይታመቅ። እኛም እንረፍ።"

ልብስ ስንሰጣ ደግሞ ፎጣና አንሶላውን ከፊት አድርገን የውስጡን ከኋላ እንደብቃለን። አንድ ቀን የኮሊን ሚስት እንቁላል ልትሰጠን መጥታ፣ ፀሐይ ያግኘው ብላ ሁሉንም ወደ ፊት አዞረችልን። ሳያ ያን ቀን ከሥራ ሲመለስ በአጥር ዘሎ ነው የገባው። እኛ ሴቶቹ በመስኮት አይተን በሳቅ ሞትን። ፒሲላ ግን አልሳቀችም። ወጥታ ልብሷን እርጥቡን ሰበሰበችና ከዚያ ወዲህ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ነው የምታደርቀው።

ብዙም ሳይቆይ ሳያ ብርድ ልብሱን ጠቅልሎ ወደ መሣሪያ ቤቱ ሄደ፤ ትራክተሩ የሚቆምበት፣ የፖም መልቀሚያ ቦርሳዎች የሚከመሩበት ቆርቆሮ ቤት ነው። ቦርሳዎቹን አንጥፎ እዚያ ማደር ጀመረ። ጠዋት ከሁላችን ቀድሞ ተነስቶ ቁርስ ላይ ይገኛል። ሁላችንም አወቅን፣ ማንም ምንም አላለም።

ፖሙ እስኪያልቅ ደህና ነበር። የወይኑ ክርከማ ሲጀመር ግን አመዳዩ መጣ። ጠዋት ወይኑ የታሰረበት ሽቦ ነጭ ሆኖ ይጠብቀናል፣ የመቀሱ እጀታ እጅ ያቃጥላል። ሳያ ማሳል ጀመረ። ፒሲላ ከእሱ ራቅ ያለ መስመር ላይ ሆና ትከረክማለች፤ ባሳለ ቁጥር መቀሷ ቆም ይላል።

ማታ ማታ ሾርባ ትቀዳና "ለበረደው ሰው ስጪው" ትለኛለች። ስሙን አትጠራም። እሱም ሳህኑን ሲመልስልኝ "የሠራው ሰው እጁ ይባረክ" ይለኛል። በመሐላቸው ስመላለስ እውነቱን ልናገር፣ ኩራት ይሰማኝ ነበር። እንዲህ ያለ ወንድም በስንት ሰው ቤት ይገኛል እያልኩ።

"እትዬ፣ አንድ ቀን እንኳ ራስሽ ብትወስጂለት" አልኳት አንዴ፣ እግሬን ብርድ ሲቆረጥመኝ።

"ወዴት? ወደሚተኛበት?" አለችኝ።

አፈርኩና ሳህኑን ይዤ ወጣሁ።

ዝናብ ጥሎ ሥራ በቆመበት ቀን ተቆጣጣሪዋ መጣች። የወቅት ሠራተኞች የሚያድሩበትን ቤት የምታይ የመንግሥት ሰው ናት፤ መስኮቱን፣ ማሞቂያውን፣ አልጋውን እየዞረች ታያለች። የሳያ አልጋ ላይ ስትደርስ ቆመች። አንሶላ የለውም፣ ፍራሹ ላይ የሎፔቲ ቦት ጫማ ተቀምጧል።

"እዚህ የሚተኛው ማን ነው?"

"ሳያ" አለ ኮሊን፤ ከዚያ ጫማውን አየ።

ወንዶቹ ሁሉ ማብሰያው ጋ ቆመው ወለሉን ያያሉ። ኮሊን ወደ ሳያ ዞረ። "አባረሩህ እንዴ? ተጣላችሁ? ጠጥተህ ነው?" ሳያ ወደ ጣውላው ግድግዳ አየ። ፒሲላ ክፍሏ ውስጥ ናት፤ ያ ግድግዳ ደግሞ ምንም አያስቀርም። ሴትዮዋ በረጋ ድምፅ ነገረችን፤ ሠራተኛ ካልተመዘገበ ቦታ ካደረ ኮሊን ሰው የሚያስመጣበትን ፈቃድ ሊያጣ ይችላል፣ ሠራተኛውም ወደ አገሩ ሊሸኝ ይችላል። ምክንያቱን ማወቅ አለብኝ አለች።

እኔ በየትኛው ቃል እንደምጀምር ሳስብ ሎፔቲ ቀደመኝ።

"እህት" አለ በዚያ ስብርባሪ እንግሊዝኛው። "እህቱ እዚህ ናት። ሳያ እህት አጠገብ መተኛት አይችልም። በጣም መጥፎ።"

ሊያድነው ብሎ ነው። ሴትዮዋ መጻፏን አቆመችና ሳያን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። ኮሊንም ከሳያ አጠገብ አንድ እርምጃ ራቀ።

"ክብር ነው" አልኩ ተጣድፌ። "በእኛ ዘንድ ወንድም እህቱን ሲያከብር እንዲህ ያደርጋል። ሌላ ምንም የለም።"

"ይሆናል" አለች። "ግን ከራሷ መስማት አለብኝ። ብቻዋን።"

አልፈርድባትም፤ ባህል ነው እየተባለ ስንቷ ሴት አፏን ተይዛ ተጎድታለች። በስልክ አስተርጓሚ አስጠራች፤ የመጣላት የሳሞአ ሰው ሆነና ቋንቋው አልገጠመም። ስለዚህ ወንዶቹን ከቤት አስወጥታ እኔን ይዛ ገባች።

ፒሲላ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የተቀደደ ጓንት ትሰፋ ነበር። ሴትዮዋ ወንበር ስባ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች፤ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

"ወንድምሽ ነክቶሽ ያውቃል ወይ በያት። ምን ዓይነት መንካት ማለቴ እንደሆነ ይገባሻል።"

ገባኝ። ወደ ፒሲላ ዞሬ በቋንቋችን "እትዬ፣ ወንድምሽ እንዴት ያለ ሰው ነው ትላለች" አልኳት።

ፒሲላ ፈገግ አለች። "ከሁላችንም የሚሻለው እሱ ነው በያት።"

"በፍጹም ነክቶኝ አያውቅም ትላለች" አልኩ።

ሴትዮዋ ፒሲላን አየች፣ እኔን አየች። "ካሎ፣ እኔ ይህን ጥያቄ ብዙ ሴት ጠይቄያለሁ። ፈገግ ብላ የመለሰች እስከ ዛሬ አላጋጠመችኝም። ያልኩሽን አላልሻትም።"

ዓይኔን ወደ ፒሲላ ጓንት አዞርኩ።

"ካልጠየቅሻት እየሸፈናችሁለት ነው ብዬ ነው የምወጣው። ከዚያ በኋላ ነገሩ የፖሊስ ነው።"

ፖሊስ የሚለውን ፒሲላም ሰማች። "ምንድን ነው? ምን አለች?" ብላ እጄን ያዘችኝ። ሳያ በካቴና ታስሮ፣ ወሬው ከእሱ ቀድሞ ደሴታችን ቫቫኡ ሲደርስ፣ በቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ዘወር ሲልበት ታየኝ።

"እትዬ ፒሲላ፣ ይቅር በይኝ" አልኩና ጠየቅኋት። ሳላለባብስ፣ ሴትዮዋ እንዳለችው። እህትና ወንድም ከዚያ ነገር ጋር በአንድ አፍ ሲጠሩ በቋንቋችን ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከእኔ አፍ ሲወጣ ሰማሁት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ፒሲላ መጀመሪያ አልገባትም። ከዚያ ገባት። እጄን ለቀቀች። ቀሚሷን ከጉልበቷ በታች ሳበችና ጓንቱን እያየች ቁጭ አለች። ሴትዮዋ ብዕሯን አነሳች፤ አለቀለት ብዬ አሰብኩ።

"ንገሪያት" አለች ፒሲላ ቀና ሳትል። "ወንድሜ ብርድ ላይ የሚያድረው ይህን የሚጠይቀኝ ሰው እንዳይኖር ነበር በያት።"

ነገርኳት። ሴትዮዋ ፊቷ ቀላ። ደብተሯን ከደነችና ከወንበሯ ተነስታ "ይቅርታ አድርጊልኝ" አለቻት፤ ያንን መተርጎም አላስፈለገም።

ከዚያ በኋላ ነገሩ ቀና። ከመንገዱ ማዶ ያለው የወይን እርሻ የተመዘገበ ቤት ውስጥ ትርፍ አልጋ ነበረው፤ ሴትዮዋ ራሷ ስልክ ደውላ በኮሊን ስም አስመዘገበችለትና፣ ሳያ በሳምንቱ እዚያ ገባ። ኮሊን ባርኔጣውን እያሻሸ ሳያ ዘንድ ሄደ።

"ምነው ብትነግረኝ" አለው።

"ከክፍሉ ወጣሁልህኮ" አለ ሳያ በቋንቋችን። ለሚገባው ሰው መውጣቱ ራሱ ንግግር ነው። ተረጎምኩለት፤ ኮሊን ምን እንደሰማ አላውቅም፣ ብቻ ራሱን ነቀነቀ።

በማግስቱ ሳያ በወይኑ መስመር አጠገቤ መጥቶ እየከረከመ፣ ሳያየኝ ጠየቀኝ።

"ሴትዮዋ እህቴን ምን አለቻት?"

"ስለ ማሞቂያው ነው።"

"ያን ያህል ጊዜ?"

"ሁለት ማሞቂያ አለንኮ።"

ከዚያ ቀጣዩን ሐረግ ቆረጠ። ዳግመኛም አልጠየቀኝም፤ የእህቱንም ሾርባ በእኔ እጅ ተቀብሎ አያውቅም። አዲሱ ቤት ምግብ አለ ይለኛል።

ሳሉ ለቆታል። ኮሊን ለከርሞም ሁለቱንም ጠርቷቸዋል። ፒሲላ አልተቆጣችኝም። ሻይ ስታፈላ ለእኔም ትቀዳልኛለች፣ ብርድ ልብሴ ከወደቀ ታነሳልኛለች። ብቻ፣ ያኔ ስለ ልጆቿ እስክንተኛ ድረስ ስታወራኝ የነበረችው ሴት፣ አሁን ከእኔ ጋር የምታወራው በዚያች በምታውቃት ጥቂት እንግሊዝኛ ነው። ደህና አደርሽ። ሻይ። አመሰግናለሁ። እኔ በቋንቋችን ስጀምር ትከሻዋ ይሰበሰባል፤ ስለዚህ እኔም በእንግሊዝኛ እመልስላታለሁ፣ ሁለት የቫቫኡ ሴቶች በአንድ ክፍል። ሴትዮዋ በራሷ ቋንቋ ጠይቃት ቢሆን፣ ፒሲላ ወቅቱ ሲያልቅ ጥያቄውን ከጓንቱና ከመቀሱ ጋር እዚሁ ትታው ትሄድ ነበር። እኔ ግን በእናቷ ቋንቋ ጠየቅኋት፤ አገሯ ይዛው ነው የምትገባው።